ጋራዡን ማን ሠራው? ስለ አሜሪካ ቴክኖሎጂ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ለእኔም ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዱ «አሪፍ ጽሑፍ ነው፣ አንብበው» አለኝ። ሌላው «እስቲ መልስ ስጥበት» አለኝ። ሦስተኛው ምንም አላለም። ጽሑፉን ልኮ ዝም አለ። እሱ ማስተርሱን ጨርሶ የኤች ዋን ቢ፣ ማለትም ለሠለጠነ የውጭ ባለሙያ የሚሰጠውን የአሜሪካ የሥራ ቪዛ፣ ዕጣ የሚጠብቅ ልጅ ነው። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስነሳኝ የእሱ ዝምታ ነው።

ላላነበባችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው አሜሪካ የሚኖሩ ወንድማችን ናቸው። በዲቪ እንደመጡ ራሳቸው ይናገራሉ። አምስት ነጥብ ያነሳሉ። አንደኛ፣ የአሜሪካን ቴክኖሎጂ የፈጠሩት ጋራዥ ውስጥ የጀመሩ ጎበዞች እንጂ መንግሥት አይደለም። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ ጊዜ ማባከኛ ነው፤ ታላላቆቹ ትምህርታቸውን አቋርጠው የወጡ ናቸው። ሦስተኛ፣ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ የአገሬውን ሥራ ይሻማል፤ ስለዚህ በሴፕቴምበር 2025 በአዲስ የኤች ዋን ቢ ማመልከቻ ላይ የተጣለው የ100,000 ዶላር ክፍያ ተገቢ ነው። አራተኛ፣ ታይዋንና ቻይና ያለ ስደተኛ አድገዋል። አምስተኛ፣ የአሜሪካ በር ቢዘጋ ለኢትዮጵያ ይበጃታል፤ ጭንቅላት ያለው ሰው አገሩ ይቀራል።

በየተራ እመልሳለሁ። እውነት ያላቸው ቦታም አለ፤ እዚያ ስደርስ እናገራለሁ። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጋራዡ ልጀምር። እኔ የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ወደ አሽበርን ስትነዱ መስኮት የሌላቸው ግዙፍ ሕንፃዎች መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘውታል። የኢንተርኔት መረጃ የሚከማችባቸው የኮምፒውተር ማዕከሎች፣ ዳታ ሴንተር፣ ናቸው። በዓለም ላይ የዚህን ሰፈር ያህል ዳታ ሴንተር የታጨቀበት ቦታ የለም። ብዙ የእኛ ልጆች እዚያ ይሠራሉ። ገሚሱ ጥበቃ ነው፣ ገሚሱ ቴክኒሺያን። አንድ ቀን አንዱ «ለምን እዚህ ሆነ? ለምን ካሊፎርኒያ አልሆነም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የመሬቱና የመብራቱ ነገር አንድ ምክንያት ነው። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ለኢንተርኔት መወለድ ገንዘቡን ያወጣው የመከላከያ ሚኒስቴሩ የምርምር ተቋም፣ አርፓ፣ መቀመጫው እዚሁ አርሊንግተን ነው። የመንግሥት ሥራ የሚሠሩ የኮምፒውተር ድርጅቶች በዙሪያው ሰፈሩ። በ1992 ኔትወርኮች እርስ በርስ የሚገናኙበት ትልቅ መጋጠሚያ ታይሰንስ አካባቢ ተከፈተ። ሌላው ሁሉ ያንን ተከትሎ መጣ።

አርፓስ ከየት መጣ? ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን አመጠቀች። አሜሪካ ደነገጠች። አራት ወር ቆይቶ አርፓ ተቋቋመ። በዚያው በ1958 ኮንግረስ ለሳይንስ፣ ለሒሳብና ለውጭ ቋንቋ ትምህርት ገንዘብ የሚመድብ ሕግ አወጣ። ልብ በሉ፤ ሮኬት ብቻ አይደለም የሠሩት፣ ክፍል ውስጥም ገቡ። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ከሎስ አንጀለስ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው የኮምፒውተር መልእክት ተላከ። «ሎግ ኢን» ብለው ሊጽፉ ነበር። ሁለት ፊደል እንደደረሰ ሲስተሙ ተቋረጠ። ከሁለት ፊደል ተነስቶ ኢንተርኔት ተራው ሕዝብ እጅ እስኪገባ ድረስ ሌላ ሃያ ምናምን ዓመት ፈጀ። ይህን ሁሉ ዓመት ያለ ትርፍ የሚጠብቅ ባለሀብት የት ይገኛል?

ቺፕም፣ ኮምፒውተርን የሚያሠራው ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ እንዲሁ ነው። የተፈጠረው በግል ኩባንያዎች ውስጥ ነው፣ ይህ እውነት ነው። ግን ማን ገዛው? በ1962 የአንዱ ዋጋ በአማካይ 50 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ዋጋ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የሚገዛው ነጋዴ አልነበረም። ገዢው የአሜሪካ መንግሥት ብቻ ነበር፤ ለሚሳይልና ሰውን ጨረቃ ላይ ለሚያወርደው ለአፖሎ ፕሮግራም። በብዛት ስለተገዛ በብዛት ተመረተ። በብዛት ስለተመረተ ረከሰ። በ1968 አንዱ ከሦስት ዶላር በታች ሆነ። ሌላው ገበያ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ለእኛ ማኅበረሰብ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልጨምር። ዲሲና አካባቢዋ ላይ ስንት ሰው በኡበር ልጆቹን ያሳድጋል? ኡበር ያለ ጂፒኤስ አይሠራም። ያለንበትን ቦታ በሳተላይት የሚያሳየው ጂፒኤስ የአሜሪካ ጦር ሥራ ነው። እስከ ሜይ 2000 ድረስ መንግሥት ለሕዝቡ የሚሰጠውን ምልክት ሆን ብሎ ያደበዝዘው ነበር። ስህተቱ እስከ መቶ ሜትር ይደርስ ነበር። በመቶ ሜትር ከተሳሳተ ደንበኛው ያለበትን መንገድ እንኳ አታገኙትም። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ያንን ማደብዘዝ አስቀሩ። አንድ የመንግሥት ውሳኔ ነው። እኛ በዚያ ውሳኔ እንጀራ እየበላን ነው።

ጋራዡን ግን አልረሳሁትም። ጸሐፊው የጠቀሱት ጉግልን ነው። አዎ፣ በ1998 ጋራዥ ተከራይተዋል። ሐሳቡ ግን ጋራዥ ውስጥ አልተወለደም። ሁለቱ መሥራቾች የስታንፎርድ የዶክትሬት ተማሪዎች ነበሩ። ይሠሩበት የነበረው የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ምርምር ገንዘብ የሚያገኘው ከብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ነበር። የመጀመሪያው የፍለጋ ፓተንትም የተመዘገበው በስታንፎርድ ስም ነው። ከሁለቱ አንዱ ሰርጌ ብሪን ነው። ሞስኮ ተወልዶ በስድስት ዓመቱ ከአይሁድ ቤተሰቦቹ ጋር ተሰዶ የመጣ ልጅ። የመንግሥት ገንዘብ፣ ዩኒቨርሲቲና ስደተኛ በአንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተዋል። ጋራዡ የመጣው ከእነሱ በኋላ ነው።

መንግሥት አይሳሳትም አላልኩም። የኃይል ሚኒስቴሩ ሶሊንድራ ለሚባል የፀሐይ ኃይል ኩባንያ የ535 ሚሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆነ። ኩባንያው በ2011 ከሰረ። ጸሐፊው ይህንን በትክክል ያነሳሉ። ያላነሱት ደግሞ አለ። ያው ሚኒስቴር በ2010 ለቴስላ 465 ሚሊዮን ዶላር አበድሯል። ቴስላ በ2013 ከቀጠሮው ቀድሞ ከፍሎ ጨረሰ። አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው አያስኬድም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። «የማይክሮሶፍቱ ጌትስም የፌስቡኩ ዙከርበርግም አቋርጠው ወጡ» የሚለው ነገር ብዙ አያቆየንም። ያቋረጡት ገብተው ነው። ቢል ጌትስ ተማሪ ቤት እያለ በ1968 ኮምፒውተር የነካ ልጅ ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ እጅግ ብርቅ ነበር። በ1975 ከጓደኛው ጋር የማይክሮሶፍትን የመጀመሪያ ሶፍትዌር የሠሩት በሃርቫርድ ኮምፒውተር ነው። የዚያን ኮምፒውተር ወጪ የሸፈነው ያው አርፓ ነው። ደግሞስ እነዚህ ሰዎች ኩባንያ ሲከፍቱ ማንን ቀጠሩ? ዲግሪ ያለውን ነው።

የሚያሳዝነኝ ይህን ወሬ የእኛ ልጆች መስማታቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ የማስጠናቸው ልጆች አሉ። አባታቸው ፓርኪንግ ነው፣ እናታቸው ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። አንዱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «ኮሌጅ ለምን ያስፈልጋል? ሀብታሞቹ አልተማሩም እኮ» አለኝ። የሚያቋርጥ ሃርቫርድ የለውም። ሚሊዮነር አባት የለውም። ለእሱ ያለው መንገድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገር ነው። እኔ በዚያ መንገድ ነው ያለፍኩት። ማታ እየሠራሁ፣ ቀን እየተማርኩ፣ በአነስተኛ ክፍያ። ያ ክፍያ ያነሰው የስቴቱ ግብር ከፋይ ስለሸፈነልኝ ነው።

አንድ ሰው ልጥቀስ። አንዲ ግሮቭ ይባላል። በ1936 ቡዳፔስት ተወለደ። ከናዚ በሕይወት ተረፈ። በ1956 የሶቪየት ታንክ ከተማውን ሲወር በእግሩ ድንበር ተሻግሮ አመለጠ። ኒውዮርክ ሲገባ እንግሊዝኛው ደካማ፣ ኪሱ ባዶ ነበር። ሲቲ ኮሌጅ ገባ። ኮሌጁ የከተማው ሕዝብ ኮሌጅ ነው፤ ያኔ ክፍያ አልነበረውም። በ1960 በኬሚካል ምሕንድስና ተመረቀ። በ1963 በርክሌይ ዶክትሬቱን ጨረሰ። በ1968 የቺፕ አምራቹ ኢንቴል ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች አንዱ ነበር። በኋላ ኩባንያውን መርቶ የዓለም ቁንጮ አደረገው። ትምህርቱ በክፍያ ቢሆን ኖሮ ይማር ነበር? በስደተኛ ላይ በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ኢንቴል ያንን መሪ ከየት ያገኝ ነበር? እንደዚህ ዓይነቱን ሰው አስቀድሞ የሚለይ የቪዛ ቢሮ የለም። በ1957 መርከብ ላይ የነበረው አንድ የሃያ ዓመት ስደተኛ ነው።

ገንዘብ ብቻውን የት እንደሚያደርስ ደግሞ በአሪዞና አይተናል። ኮንግረስ በ2022 ቺፕ አሜሪካ ውስጥ እንዲመረት የሚደግፈውን የቺፕስ ሕግ አወጣ። 52.7 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ። የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ ፊኒክስ አጠገብ ፋብሪካ መገንባት ጀምሮ ነበር። ምርቱ በ2024 ይጀምራል ተባለ። በ2023 ኩባንያው ወደ 2025 ተላልፏል አለ። ምክንያቱ የሠለጠነ ሠራተኛ እጥረት ነው። የተራቀቁ መሣሪያዎችን የሚገጥም ቴክኒሺያን በበቂ ቁጥር አልተገኘም። ከታይዋን ሰው ማምጣት ግድ ሆነ። ሕንፃው በሁለት ዓመት ይቆማል። ሰው ለማብሰል ሃያ ዓመት ያስፈልጋል። ሃያ ዓመት ከሌለህ በር ትከፍታለህ።

እንግዲህ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ደረስን። እዚህ መጀመሪያ እውነታቸውን ልስጣቸው። ኤች ዋን ቢ ያለ አግባብ ጥቅም ላይ ውሏል። በ2015 ኦርላንዶ ላይ ዲዝኒ 250 ያህል የአይቲ ሠራተኞቹን ሲያሰናብት፣ የሚተኳቸውን የውጭ ሠራተኞች እንዲያሠለጥኑ አድርጓል። ለዓመታት በሠራበት ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው ማሠልጠን! ያ ሰው ቢቆጣ እኔ አልፈርድበትም። የእኛም ሰዎች በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ አሉ። ነገ በእነሱም ላይ ሊደርስ ይችላል።

ግን በሽታው የቱ ጋ ነው? በኤች ዋን ቢ የመጣ ሰው ከቀጣሪው ጋር ተሳስሯል። ሥራውን ካጣ በስልሳ ቀን ውስጥ ሌላ ስፖንሰር ማግኘት ወይም አገር መልቀቅ አለበት። ስለዚህ ደሞዙ ቢያንስም አይናገርም። ሰዓቱ ቢረዝምም አይናገርም። ዝም የሚል ሠራተኛ ሲበዛ የሁሉም ደሞዝ ይጎተታል። መድኃኒቱ ሰውየውን መፍታት ነው። የፈለገበት ይሥራ፣ በገበያው ደሞዝ ይከፈለው። ያኔ በርካሽነቱ የሚቀጥረው አይኖርም፤ በሙያው የሚቀጥረው ይቀራል።

የ100,000 ዶላሩ ክፍያ ይህንን አይነካውም። የሚነካው ትንሹን ነው። ትልቅ ኩባንያ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ሥራውን ይዞ ይሄዳል። ይህ ግምት አይደለም። በ2007 ማይክሮሶፍት ቫንኩቨር አካባቢ የሶፍትዌር ማዕከል ሲከፍት በአሜሪካ የቪዛ ገደብ ምክንያት ያጣቸውን ሰዎች እዚያ ለማስቀመጥ መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። ሥራው ከሲያትል የሦስት ሰዓት መንገድ ሄዶ ካናዳ ገባ። ግብሩም አብሮ ሄደ። አሥር ሠራተኛ ያለው ስታርትአፕ ግን ቫንኩቨር ቢሮ አይከፍትም። የገጠር ሆስፒታልም አይከፍትም። እነሱ ሰውየውን ያጡታል፣ አለቀ።

ጸሐፊው «ከፍለው ይግቡ፣ ገንዘቡ አሜሪካዊ ልጅ ያስተምር» ይላሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ አለ። ይህ ነገር ከ1998 ጀምሮ በአነስተኛ መጠን ሲሠራ ቆይቷል። ቀጣሪዎች ለእያንዳንዱ ኤች ዋን ቢ የሚከፍሉት ክፍያ አለ፤ እንደ ድርጅቱ መጠን 750 ወይም 1,500 ዶላር። ከዚያ ገንዘብ ከፊሉ በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በኩል እዚሁ ላሉ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሳይንስና የምሕንድስና ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይሆናል። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ያገኙታል። ማለትም ያ ከውጭ የመጣ መሐንዲስ በገባ ቁጥር አንድ የድሃ ልጅ ላይ ትንሽ ብር ይጨመራል። የሚገባው ሰው ሲቀንስ ይህም ይቀንሳል። ሌላም አለ። ለ2026 የቀረበው የዋይት ሐውስ በጀት ዕቅድ የዚህን ፋውንዴሽን በጀት ከግማሽ በላይ ሊቀንስ ነበር። የአገሬው ልጅ ይማርልን ብሎ የልጁን ትምህርት ቤት መቁረጥ እንዴት ይታረቃል?

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። ኖቬምበር 29 ቀን 1990 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው፣ አንድ የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረሙ። ኤች ዋን ቢ የተፈጠረው በዚያ ሕግ ነው። በዓመት 65,000 የሚለው ቁጥርም ከዚያ ነው የመጣው፤ አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ ለሠሩ 20,000 የተጨመረው በኋላ ነው። በዚያው ሕግ፣ በዚያው ፊርማ፣ ሌላ ነገርም ተፈጥሯል። ዲቪ። ጸሐፊው የገቡበት በር። እኔም የገባሁበት በር። ሁለቱ ቪዛዎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ያኔም በኮንግረስ ውስጥ «እነዚህ ሰዎች ምን ይጠቅሙናል?» የሚል ነበር። ያ ድምፅ አሸንፎ ቢሆን ኖሮ እኔና ጸሐፊው ዛሬ በዚህ ጉዳይ አንጻጻፍም ነበር።

የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ላክል። የግዕዝ ሊቁን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን የማያውቅ የለም። በ1975 በደርግ ወታደሮች በጥይት ተመቱ። ቀሪ ዘመናቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ኖሩ። ሚኒሶታ ተሰደው የብራና መጻሕፍታችንን ሲመዘግቡና ሲመረምሩ ኖሩ፤ ሥራቸው በ1988 የማክአርተር ሽልማት አሰጣቸው። ልጃቸው ሶስና ኃይሌ በጥይት ሲመቱ ገና ልጅ ነበረች። ኤምአይቲ ተማረች፣ በርክሌይ ተማረች። ዛሬ ፕሮፌሰር ናት። ነዳጅን ሳያቃጥል ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር አዲስ ዓይነት የነዳጅ ሴል በመሥራት ስሟ ይጠራል። አባቷ በማንኛውም የቴክኖሎጂ ቪዛ መመዘኛ አያልፉም ነበር። የቆሰሉ የቋንቋ ምሁር ነበሩ። የ100,000 ዶላር ስሌት እንዲህ ያለውን ቤተሰብ አያየውም።

አራተኛው ነጥብ ታይዋንና ቻይና ነው። «ያለ ስደተኛ አደጉ» የሚለውን ሳነብ ቆም አልኩ። የሁለቱም ታሪክ ተቃራኒውን ነው የሚናገረው።

ታይዋን በ1973 የኢንዱስትሪ ምርምር ተቋም አቋቋመች። በ1976 ከአሜሪካው የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ከአርሲኤ የቺፕ ቴክኖሎጂ በውል ገዛች። ወጣት መሐንዲሶቿን ለሥልጠና ወደ አሜሪካ ላከች። በ1980 የሲንቹን የሳይንስ ፓርክ ከፈተች። ሞሪስ ቻንግ የሚባለው ሰው የመጣው ይህ ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ቻንግ በ1931 ቻይና ውስጥ ተወለደ። ከጦርነት ወደ ጦርነት ሲሸሽ አደገ። አሜሪካ ገብቶ ኤምአይቲ ተማረ። የዶክትሬት መግቢያ ፈተና ሁለት ጊዜ ወደቀ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚባለው የአሜሪካ ቺፕ ኩባንያ ቀጠረው፣ ኩባንያው ራሱ ከፍሎ ስታንፎርድ አስተማረው። ሃያ አምስት ዓመት ሠራ። የላይኛውን ወንበር ሳያገኝ ወጣ። በ1985፣ በ54 ዓመቱ፣ የታይዋን መንግሥት ጠራውና ሄደ። በ1987 ቲኤስኤምሲን መሠረተ። ከካፒታሉ 48 በመቶውን ያወጣው መንግሥት ነው። የደቹ ፊሊፕስ 27.5 በመቶ ጨመረ። ዛሬ የዓለማችን እጅግ የረቀቁ ቺፖች አብዛኞቹ የሚመረቱት እዚያ ነው። ሰውየው ሁለት ጊዜ የተሰደደ ነው። ገንዘቡ የመንግሥት ነው። ታዲያ ምኑ ነው «ያለ መንግሥት፣ ያለ ስደተኛ»?

የቻይናው ታሪክ ይብሳል። ቺያን ሼሰን በ1935 በስኮላርሺፕ አሜሪካ ገባ። ኤምአይቲ፣ ከዚያ ካልቴክ። ዛሬ ናሳ ወደ ማርስ መንኮራኩር የሚልክበትን የጄት ፕሮፐልሽን ላብራቶሪ ካቋቋሙት አንዱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የአሜሪካን የኮሎኔል ማዕረግ ይዞ ጀርመን ሄደና የናዚን የሮኬት ሳይንቲስቶች መረመረ። በ1950 «ኮሚኒስት ነህ» ተባለ። የምስጢር ሥራ ፈቃዱ ተቀማ። አምስት ዓመት በቁጥጥር ሥር ተቀመጠ። በ1955 ወደ ቻይና ተላከ። እዚያ ሲደርስ ምን ሆነ? የቻይናን የሚሳይል ፕሮግራም መራ። ኤፕሪል 24 ቀን 1970 ቻይና የመጀመሪያዋን ሳተላይት አመጠቀች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሚኒስትር የነበረው ዳን ኪምቦል፣ ይህች አገር ከሠራቻቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ቂልነት ነው ብሎታል።

ቻይና ትምህርቱን አልረሳችውም። በ2008 ውጭ ያሉ ምሁሮቿን ለመመለስ ትልቅ ፕሮግራም ጀመረች። ኦክቶበር 1 ቀን 2025 ደግሞ ለወጣት የሳይንስና የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች አዲስ ቪዛ ሥራ ላይ አዋለች። ቀጣሪ እንኳ አያስፈልገውም። አሜሪካ የ100,000 ዶላሩን ክፍያ ካወጀች ሁለት ሳምንት አልሞላም ነበር።

አምስተኛው ነጥብ ሆዴን ነክቶታል። «በሩ ይዘጋ፣ ልጆቻችን አገራቸው ይቅሩ» ሲሉ ለአገር ተቆርቁረው ነው። ይህንን ቁጭት እጋራለሁ። ሜሪላንድ ላይ ታክሲ የሚነዳ የፊዚክስ መምህር ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

ግን ሰው አገሩ የሚቀረው ኤምባሲ ስለከለከለው ነው? ታይዋንን እንደገና እንያት። በ1970ዎቹ ለትምህርት ከወጡት ልጆቿ አብዛኞቹ አልተመለሱም። በኋላ ግን ብዙዎቹ ተመለሱ። መንግሥት «ተመለሱ» ብሎ ስላለቀሰ አይደለም የተመለሱት። ሲንቹ ላይ ላብራቶሪ፣ መኖሪያ ቤትና ለልጆቻቸው በሁለት ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስለተሠራላቸው ነው።

በእኛ በኩል ያለው ቁጥር ያስጨንቃል። በ2015 ዓ.ም.፣ ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845,000 ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ናቸው። 3.2 በመቶ። ይህንን ያመጣው የአሜሪካ ቪዛ አይደለም። ችግሩ የተጀመረው በአንደኛ ክፍል፣ በመምህሩ ደሞዝ፣ መጽሐፍ በሌለው ዴስክ ላይ ነው። የቴሌኮም ገበያውም ቢሆን እስከ ኦክቶበር 2022 ድረስ በአንድ ድርጅት እጅ ነበር።

የወጣ ሁሉ ጠፋ ማለትም አይደለም። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ወሎንኮሚ ተወልደው፣ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ዓለማያ ተምረዋል። ዓለማያ የቆመው በኦክላሆማው እርሻ ኮሌጅ እርዳታ ነው፤ ይህም የአሜሪካ መንግሥት ፖሊሲ ነበር። ኢንዲያና በሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠሩ፣ በኋላም እዚያው ፕሮፌሰር ሆኑ። አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ አገኙ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸለሙ። ዘሩ ግን ኢንዲያና አልቀረም። የአፍሪካ ገበሬ፣ የእኛም ገበሬ ማሳ ገብቷል።

ለመዝጊያ የአንድ ጓደኛዬን ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ሶፍትዌር የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ነበረው። ደንበኞቹ አውሮፓ ናቸው። ለአሜሪካ ቪዛ አመልክቶ ተከልክሏል፤ ሁለት ጊዜ። በጸሐፊው ሐሳብ መሠረት አገሩ መቅረት ነበረበት። እሱም መቅረት ይፈልግ ነበር። ሰርቨር ለመከራየት ዶላር ማግኘት ወር ይፈጅበት ነበር፣ ቻለው። በ2020 ክረምት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋረጠ። ትልቁ ደንበኛው ሥራውን ለሌላ ሰጠ። በቀጣዩ ዓመት ላፕቶፑን ይዞ ናይሮቢ ገባ። ባለፈው ሳምንት ደውዬለት ነበር። ስምንት ሰው ቀጥሯል። ሦስቱ ከአዲስ አበባ ያመጣቸው ናቸው።